ኤንትሬ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ከስሩ ግቡ

ሰሞኑን ሁለት ልጆች ኤንትሬ ልንገዛ ነው ምን ምን እንይ ብለው ደወሉልኝ፣ ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የጭነት መኪና ነው፣ ትሬ በጣልያንኛ ሦስት ስለሆነ በዛው ቀረ። 682 መመረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1952 ነው፣ አባቴ እሱን ከነተሳቢው ይዞ አሰብ ሲመላለስ እያየሁ ስላደግኩ ስለዚህ መኪና ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

ደላላ ሁሌም ቀድሞ የሚያሳያችሁ ሞተሩን ነው። አሙቆ ይጠብቃችኋል፣ አንዴ ሲነካው ይነሳል፣ "ስማው እስኪ ድምፁን" ይላችኋል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ናፍጣ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለበትም፣ የናፍጣ ፖምፓም ይሁን የፒስተን ፋሻ ቢያልቅበት መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ዞራችሁ ካጣችሁም ቶርኖ ቤት አስቀርጻችሁ ታስነሱታላችሁ። ሻንሲ፣ ማለት ሞተሩንም ጭነቱንም የሚሸከመው የስሩ ብረት፣ ግን እንደዛ አይደለም።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት አዳማ ነው። ከስሩ ሳይቀር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተይዞ የኖረ መኪና ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላው ሲሚንቶ ጭኜ ጎሃ ጽዮንን አልፌ አባይ በረሃ ስወርድ ከኋላ እንደ ጥይት ጮኸ፣ ወርደን ስናይ የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚያነጥረው የተደራረበ ብረት፣ ከሚታሰርበት ጋ ሻንሲው ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፍቷል። ቀለሙ ስር የድሮ ብየዳ ነበር፣ ሻጩም ያውቅ ነበር። ረዳቴ ድንጋይ ጎማው ስር ሲያስገባ እጁ ሲንቀጠቀጥ እስከዛሬ አይረሳኝም፣ ሰው ይህን ቀብቶ መሸጡ አሁንም ያናድደኛል።

ያኔ የጠገነልኝ ሽማግሌ መካኒክ ነው ያስተማረኝ። "ልጄ፣ ቀለም አትመን፣ ፋቀው" አለኝ። የምትጠረጥሩትን ቦታ በብረት ብሩሽ ፈቅፍቃችሁ ናፍጣ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ ደረቅ እስኪል ጥረጉት፣ ከዛ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ናፍጣ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል፣ በአይናችሁ እያያችሁት። ባሌስትራ የሚታሰርበትን፣ ካቢናው ያረፈበትን፣ ተሳቢው የሚንጠለጠልበትን አትለፉ። ሻጩ አይፋቅም ካለ ተነስታችሁ ሂዱ።

የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሞተሩንም ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ስሙት እንጂ ሞቆ አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ የምለምናችሁ ፍሬኑን ነው። በንፋስ የሚሠራ ስለሆነ የንፋስ ጋኑ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ማታ ማታ ከስሩ ክፈቱትና ይውጣ፣ እኔ ጋ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ነው የሚወጣው። ጠዋት ንፋሱ ሳይሞላ አታንቀሳቅሱት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ፣ መሃል ላይ እቀይራለሁ ብሎ ማርሹ አልገባ ያለውን ሰው አይቻለሁ። ግሪስ በየሳምንቱ።

የኔ አሁን ጋራዥ ነው፣ ባሌስትራውን የሚይዘው ፔርኖ አልቆ ቶርኖ ቤት አዲስ እያስቀረጽኩ ነው፣ ሐሙስ ይደርሳል ብለውኛል። ልጆቹ መኪናውን ለማየት ቅዳሜ ነው የሚሄዱት፣ የብረት ብሩሹንና ጠመኔውን ይዤ አብሬያቸው ልሄድ ነው።