«እስቲ እንዴት እንደምታበዪው አሳዪኝ»

ለተግባር ልምምድ ጅማ የሚመደቡልን የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) ተማሪዎች በትምህርቱ በኩል አይታሙም። ሴሬብራል ፓልሲ ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ያንበለብሉታል፤ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ብዙም ሳይቆይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር መሆኑን፣ የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ እንደማይሄድ፣ የእንቅስቃሴ አቅም በ5 ደረጃ እንደሚከፈል። የሚከብዳቸው ይህንኑ ለእናት መንገር ነው። ስለዚህ ወላጅ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ በሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ሁኔታ አስመስለን፣ እናለማምዳቸዋለን።

ዘዴው የቆየ ነው። ሃዋርድ ባሮውስ የተባለው የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ አንዲት ጤነኛ ሴት የታማሚን ሁኔታ አጥንታ በተማሪዎች እንድትመረመር አድርጎ ነው የጀመረው። እኛ ጋ የእናትነቱን ቦታ የምትይዘው ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ራሷ ያሳደገች ሴት ናት። ገንፎውንም ማንኪያውንም ከቤቷ ይዛ ትመጣለች።

ያን ቀን ተራው የደረሰው ከሁሉም ጎበዝ የምንለው ተማሪ ነበር። የልምምዱ ታሪክ እንዲህ ነው፦ ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ኪሎ አልጨመረም፤ ሲበላ ትን ይለዋል፤ ደረቱን ደጋግሞ ያመዋል። ሴትየዋ በልጁ ቦታ ያለውን አሻንጉሊት ጭኗ ላይ አንጋለለችው። አንገቱ በክንዷ ላይ ወደ ኋላ ተቀለበሰ። በማንኪያ ዝቃ ከላይ ወደ አፉ ልታደርግ ስትል ተማሪው አላስጨረሳትም።

«አይ፣ እናት! እንደሱማ አይደለም። ወደ ሳንባው ይገባል እኮ!»

ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አንገት ወደ ኋላ ሲቀለበስ የአየር ቧንቧው ይጋለጣል፤ ምግብ ወደዚያ ይገባል፤ የሳንባ ምች ያመጣል። ሴትየዋ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያገኘው መልስ «እሺ ዶክተር» ብቻ ነበር። «ገብቶሻል?» አላት። «እሺ ዶክተር።»

ከልምምዱ በኋላ መጀመሪያ የምንጠይቀው እናቲቱን ነው። «ሳንባው ስትለኝ» አለችው፣ «እስከ ዛሬ በገዛ እጄ ስገድለው የኖርኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልክ አልሰማሁም።»

ተማሪው ክው አለ። የሚያሳዝነኝ እነዚህ እናቶች እኛ ጋ ሲደርሱ አስቀድሞ የተወቀሱ መሆናቸው ነው። ጎረቤት እርግማን ብሏቸዋል፤ የባል ዘመድ ጣቱን ቀስሮባቸዋል፤ ጸበሉም ዱዓውም ተሞክሯል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሌላ ክስ ሊጨምርባቸው አይገባም።

እዚያው በዚያው እንደገና አስገባነው። አሁን ወንበሩን ወደ ጎኗ አዞረና «እስቲ እንዴት እንደምታበዪው አሳዪኝ» አላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየ። «ማስተኛቱን ለምን መረጥሽ?»

«ላስቀምጠው ስል ይገተራል፤ ተንሸራቶ ይወርድብኛል። ብቻዬን ነኝ፤ በምን እጄ ልያዘው?»

በመጀመሪያው ዙር ይህቺን መረጃ አላገኛትም ነበር። ሥራው የጀመረው ከዚህ ነው። ዳሌውና ጉልበቱ ታጥፎ ሲቀመጥ መገተሩ እንደሚቀንስ በአሻንጉሊቱ ላይ በራሷ እጅ አስሞከራት፤ ጀርባው ቀጥ፣ አገጩ ዝቅ፣ ማንኪያው ከላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት። ቀጭን አጥሚት ቶሎ ስለሚፈስ ወፈር ያለው እንደሚሻል ነገራት። ቤቷ ውስጥ ምን መቀመጫ እንዳለ ጠየቃት። ባለሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ አለች፤ መደገፊያ ግን የላትም። ስለዚህ የግድግዳ ጥግና ትራስ ላይ ተስማሙ።

ከዚያ ሁሉም ተማሪ የሚፈራው ጥያቄ መጣ፦ «ይራመዳል?»

«አሁን ላይ ሆኜ ይራመዳል ልልሽ አልችልም» አላት። «ሳይታነቅ እንዲበላ ግን ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንሠራለን።» ስታለቅስ ወሬ አልጨመረባትም። እኔ በዚህ ኮራሁበት፤ ብዙ ባለሙያ እንባ ሲያይ ምክር ያዥጎደጉዳልና።

«ገብቶሻል?» የሚለውን ከምዘና ቅጹ አውጥተነዋል። በምትኩ ተማሪው «ማታ ለባለቤትሽ እንዴት አድርገሽ ታሳዪዋለሽ?» ብሎ መልሱን በዓይኑ እስኪያይ ነጥብ አይሰጠውም። ቀጣዩ ልምምድ በአስተርጓሚ ነው፤ ከገጠር የሚመጡልን ብዙዎቹ እናቶች የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ አማርኛ ብቻ የሚችለው ተማሪ አስተርጓሚውን ሳይሆን እናቲቱን እያየ መናገር መልመድ አለበት።