ሥነ ልሳን ስጀምር ያጠፋሁት ቅጂ

ሥነ ልሳን (የቋንቋ ጥናት) ልትማሩ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ወሬ የለውም። ፎነቲክስ ድምፁን፣ ሞርፎሎጂ የቃሉን አሠራር፣ ሲንታክስ የዓረፍተ ነገሩን ያጠናል። ሸመደድኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ጉዱ የመጣው ሰው ቀድታችሁ ስለ ግሥ ጻፉ ስንባል ነው። መቅጃ ተዋስኩና ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ሄድኩ። ስለ ልጅነቷ 1 ሰዓት ያህል አጫወተችኝ። የተሰጠን መመሪያ ደግሞ «መጀመሪያ በፊደል ጻፉ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የድምፅ ምልክት በኋላ ትቀይሩታላችሁ» ይላል። ይህ ምልክት የማንኛውንም ቋንቋ ድምፅ፣ መጥበቁንም ጭምር፣ እንደተሰማ የሚጻፍበት ነው። አፌን የፈታሁበት አማርኛ ነው፣ ምን ያስቸግራል ብዬ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ በፊደል ገለበጥኩት። መቅጃው የሰው ነውና ድምፁን አጥፍቼ መለስኩ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መምህሩ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «እሱ አይበላም» ይላል። «ማን ነው እሱ?» አሉኝ። ላልቶ ከተነበበ የማይበላው ሰውየው ነው። «በ» እና «ለ» ከጠበቁ ግን ለመብል የማይሆነው እህሉ ነው። አክስቴ ደግሞ ስለታመመ ወንድሟም፣ ዝናብ ስላበላሸው እህልም እያቀላቀለች ነበር የምታወራው። ፊደላችን ለ«ሀ» ድምፅ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ሦስት መልክ ይሰጣል፣ ለመጥበቅና ለመላላት ግን በተለመደው አጻጻፍ ምልክት የለውም። «ይበላል»፣ «ይጠጣል»፣ «ይመታል» ሁሉ እንደዚያው ሆኑብኝ። እነዚህ ላይ ገቢሩን (አድራጊውን) ከተገብሮው (ከሚደረግበት) የሚለየው መጥበቁ ነው፣ የኔም ርዕስ እሱው ነበር!

«አስታውሰዋለሁ እኮ» አልኩ። «ትዝታ መረጃ አይሆንም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ይህን እያወቁ ለምን ዝም አሉ? በዓመቱም ያው ወረቀት ተባዝቶ ለአዲሶቹ ታደለ።

ስለዚህ እኔ የምለው ሌላ ነው። በፊደል አትጀምሩ፣ ቢያዘገያችሁም ከመጀመሪያዋ ቃል በድምፅ ምልክቱ ጻፉ። ድምፁን ደግሞ ትምህርቱ እስኪያልቅ እንዳታጠፉ። ትርጓሜ ከመሸምደዳችሁ በፊት ጆሯችሁን አሠልጥኑ። «አለ» ብሎ መናገርና «አለ» ብሎ መኖር፣ ገና ያልደረሰውና የገና በዓል፣ የውኃ ዋናና ዋና መንገድ፤ እነዚህን ራሳችሁን ቀድታችሁ ደጋግማችሁ ስሙ። የራስን ቋንቋ ማወቅና መስማት የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። አክስቴ እሺ ብላኝ ያንኑ ታሪክ ቃል እየመረጠች በ10 ደቂቃ ጨረሰችው። ለሥራው በቃኝ፣ ነጥቡንም አገኘሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን ስለ ወንድሟ ስታወራ ድምጿ የተሰበረበት ቦታ ነበር። ሁለተኛው ላይ እሱ የለም።