65 ቀን፣ 41 ታሪክ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነው ነገሩ የመጣው። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5፣ በየቀኑ አንድ አጭር ልቦለድ። 65 ቀን፣ 65 ታሪክ። የተሸነፈ ለእንቁጣጣሽ ክትፎ ይጋብዛል።

ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወረድኩና ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አምስት መድበል ይዤ ተመለስኩ። ሁለቱ ሽፋን የላቸውም። ምን ገዶኝ! ደብተር ላይ ከ1 እስከ 65 ቁጥር ጽፌ በየማታው ራይት ማድረግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት እሳት ነበርኩ። በሁለተኛው ማጭበርበር መጣ። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 አጭር ታሪክ ባንድ ቁጭታ፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መነበብ አለበት ብሎ ነበር፤ የእኔ ቁጭታ ግን ታክሲ ውስጥ፣ በሰው ክርን መሀል ስለሆነ ገጽ ከመቁጠር አላለፈም። አጭር አጭሩን እየመረጥኩ እጨርሳለሁ። ይባስ ብሎ የአንዱ ታሪክ የመጨረሻ ቅጠል ተገንጥሎ የለም፤ ሰውየው በር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ቀረ። እኔ ራይት አደረግኩ! ማታ ተኝቼ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ከበሩ ኋላ ማን እንዳለ ለማወቅ እንኳ አልጓጓሁም ማለት ነው።

ያዳነኝ የመብራት መጥፋት ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ እማዬ ከሰል ላይ በቆሎ ትጠብሳለች፣ እኔ በስልኬ ባትሪ አነባለሁ። «ለብቻህ ከምታነበንብ ጮክ አትልም?» አለችኝ። የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ ታሪክ ነበር፤ ቴአትር ቤት አስነጥሶ ፊቱ የተቀመጠውን ሹም ረጨሁት ብሎ፣ ይቅርታ ሲለምን ሲለምን የሞተው ምስኪን የቢሮ ሠራተኛ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማም፤ አቆማለሁ፤ ጋብ ሲል እቀጥላለሁ። እሷ በቆሎውን እያገላበጠች «እና፣ እንደገና ሄደ?» ትላለች። ስጨርስ ዝም ብላ ቆየችና «ይማርህ የሚለው አንድ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለች። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሁለቴ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤ ውል ብሎብኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ደንቤን ቀየርኩ። በቀን አንድ መሆኑ ቀረ። ማታ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ በማግስቱ ለሆነ ሰው በቃሌ እተርካለሁ፤ መተረክ ካቃተኝ ራይት የለም፣ ይደገማል። ይጓተታል፣ አልዋሽም። ግን የተንዛዛውን ዓረፍተ ነገር ምላሴ ራሷ ትነግረኛለች፣ ሰው እንደዚያ የማያወራ ከሆነ ደግሞ እማዬ ትስቃለች። በ1949 ዓ.ም የወጣውን የታደሰ ሊበንን የአጫጭር ልቦለድ መድበል «መስከረም»ን ሆን ብዬ ለጳጉሜን አቆየሁት፤ ስሙም ወቅቱም ገጠመ። ለሚሞክር ሰው ደግሞ፦ ሽፋን የሌለውን ግዙ፣ የመጨረሻውን ቅጠል ግን ሳታዩ አትክፈሉ።

ጳጉሜን 5 ሲደርስ 41 ላይ ነበርኩ። ክትፎውን እኔ ከፈልኩ። 65ቱንም የጨረሰውን ጓደኛችንን «የቱን ወደድከው?» ብንለው ስልኩን አውጥቶ ዝርዝሩን ማየት ጀመረ።

እማዬ እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር «ዛሬስ ማን ያስነጥሳል?» ትለኛለች።