የዛገ ማርሚታ በግቢዬ እንዴት እንዳወለቅኩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያየው ነገር አለ። ሞተር ሲነሳ ከማርሚታው ጫፍ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ቀጥሎ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ብዙ ሰው ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ምንም አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ቱቦው በደንብ ከጋለ ያ ሁሉ ተንኖ ይሄዳል። እኛ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው። የኔዋ አሮጌ ኮሮላ ደግሞ ውሎዋ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ነው። ቱቦው ሳይግል ትቆማለች። ውሃው ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይተኛና ከውስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ከጣርማበር ስመለስ ዳገቱ ላይ እንደ ትራክተር መጮህ ስትጀምር ብዙም አልገረመኝም። ወርጄ ሳይ የኋላው ማርሚታ ስፌቱ ተከፍቷል። የመሃሉን ቱቦ በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ጫፉ ዘልቆ ገባ። ዝገቱ በቅርፊት በቅርፊት እየተላጠ መዳፌ ላይ ረገፈ።

ገንዘቡም ሳሳኝ፣ እጄንም በላኝ፤ ግቢ ውስጥ ልሞክረው አልኩ።

የዛገ ማርሚታ ማውለቅ ጉልበት ይጠይቃል ይባላል። እኔ ውሳኔ ነው የሚጠይቀው ባይ ነኝ። ገና ቁልፍ ሳላነሳ የትኛው ብረት መትረፍ እንዳለበት፣ የትኛው ቢሰበር ግድ እንደማይሰጠኝ ለየሁ። የኋላው ማርሚታና የመሃሉ ቱቦ አብቅቶላቸዋል፣ ለነሱ ማዘን የለም። ማኒፎልዱ ላይ፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱቦው በሚያስገባው ብረት ላይ፣ የተተከሉት ብሎኖች ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ከተቀነጠሱ ስባሪውን በድሪል ማውጣት፣ አዲስ ጥርስ ማስወጣት፣ ሲብስም ማኒፎልዱን ራሱን መፍታት ይመጣል። ያኔ የቤት ሥራ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ትዕግስቴን በሙሉ ለነሱ አስቀመጥኩ።

ክሪክ ብቻውን አይታመንም። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሜ፣ መሬት የነኩትን ጎማዎች ድንጋይ አስደግፌ፣ ከስር የብረት መደገፊያ አስገባሁ። በብሎኬት የሚደግፉ ሰዎች አያለሁ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው፣ እባካችሁ ተዉት። መነጽርም አድርጉ፤ ተኝታችሁ ስትሠሩ ዝገቱ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚወርደው።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። በዳዶና በብሎን መሃል ያለችውን ትንሽ ክፍተት የሚሞላት እሱ ነው። ማታ ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፋሁባቸው፣ ጠዋት ደገምኩ። ለዳዶዎቹ 14 ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ መፍቻ) ገባላቸው። ቡሶላው ባለ ስድስት ጎን ቢሆን ይመረጣል፣ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይልጣል።

ልጀምር ስል ጎረቤታችን በአጥር ብቅ አሉ። በደብረ ሲና መስመር ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ቆይ እስቲ። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው።»

«ጋሼ፣ ሲጠብቅ አይብስበትም?»

«ዝገቱን ስበረው ነው የምልህ። ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ። አትቸኩል።»

ወደ ማጥበቂያው በቀስታ ገፋሁ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ሳብኩ። «ጢ...ው» አለ። ይሄ ድምፅ ደስ ይላል። የሚያስፈራው «ቀጭ» የሚለው ነው። ሩብ ዙር ስፈታ፣ ዘይት ጠብ ሳደርግ፣ ግማሹን ስመልስ፣ እንደገና ስፈታ፣ እንዲህ እያለ ወጣ። አንዱ ግን አሻፈረኝ አለ። ስፕሬዩ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከአካባቢው ጠርገን ካደረቅን በኋላ በያጅ ጓደኛዬ ዳዶውን ብቻ በእሳት አጋለው። ዳዶው ሲሰፋ አያያዙ ላላ። እሳት ግን ከፊት ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ፣ ታንከሩ አካባቢ፣ ጨርሶ አላስጠጋንም።

የኋለኛው ክፍል ፈጣን ነበር። የብሎኖቹ ራስ በዝገት ክብ ሆኗል፣ መታገል ትርፉ ድካም ነው። ግራይንደር ተውሼ ገና ስጀምር መብራት ሄደ። (ይህን ባልጽፍ ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር?) በብረት መጋዝ ጨረስኩት። ታንከር አጠገብ ብልጭታ የማይረጭ መሣሪያ ስለሆነ አሁን ብጠየቅ መብራት እያለም መጋዙን ነው የምመርጠው። ማንጠልጠያ ጎማዎቹን አልቆረጥኩም። የሳሙና ውሃ ቀብቼ በካቻቢቴ ገፋ ገፋ ሳደርጋቸው ተንሸራተው ወጡ፣ ያልተሰነጠቁትን መልሼ ተጠቀምኩባቸው።

ቁራሌው አሮጌውን ዘቅዝቆ ሲያራግፈው ጥቁር ውሃ ከነዝገቱ ዘረገፈ። «ይሄማ ምኑ ይመዘናል?» አለ። ሻይ የሚያስጠጣ ብር ተስማማን።

አዲሱን ስገጥም ጋርኒሲዮኑንም (በመጋጠሚያው መሃል ገብቶ ጭስ እንዳያፈስ የሚያደርገውን) ዳዶዎቹንም ቀየርኩ፣ ጥርሶቹን ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀባሁ። ሁሉንም መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስያዝኩ። ቱቦው ከወለሉ ጋር እንደማይነካካ አይቼ ከፊት ወደ ኋላ አጠበቅኩ። ከዚያ ደጅ ላይ ሞተር አስነሳሁ። ደጅ ላይ ያልኩት የጭሱ መርዝ ሽታ ስለሌለው ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ጫፉን ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ሸፈን ሲያደርጉት የሚያፈስ መጋጠሚያ ካለ «ፍስስ» ይላል። አንዱ አለ፣ ጨመር አድርጌ አጠበቅኩት። ግሎ ከበረደ በኋላም ሁሉንም እንደገና አየኋቸው።

አሁን በየሳምንቱ በአዲስ አበባው መንገድ እስከ ጫጫ ደርሳ ትመለሳለች፣ ቱቦው በደንብ ግሎ እንዲደርቅ። ባለቤቴ ቤንዚን ማባከን ነው ትላለች።