ቀረጡ ዜሮ ሆኗል፣ መዝገቡ ግን እዚያው ነው

አሜሪካ ውስጥ የድምፅ ማፈኛ ወይም በርሜሉ ያጠረ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ለፌዴራል መንግሥት ይከፍለው የነበረው 200 ዶላር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለውጡ የመጣው ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሰፊ የግብርና የወጪ ሕግ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። ብዙ ሰው የያዘው «ከእንግዲህ ነፃ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ነፃ የሆነው ግን ክፍያው እንጂ መሣሪያው አይደለም። ማመልከቻው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ የፌዴራል መዝገቡ፣ ሳያስመዘግቡ መያዝ የሚያስከትለው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት፣ አንዱም አልተነካም።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። መትረየስ ልዩ መዝገብና ጥብቅ ማጣሪያ ይገባዋል። የበርሜል ርዝመት ግን ሰውን ወንጀለኛ የሚያደርግ መስፈርት መሆን አልነበረበትም። የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ጎራ እንደሚመደብም በኮንግረስ ድምፅ ይወሰን እንጂ በቢሮ ደብዳቤ አይወሰን። ለምን እንዲህ እንደምል ሕጉ ራሱ ያሳያል።

ናሽናል ፋየርአርምስ አክት፣ ባጭሩ ኤንኤፍኤ፣ የተፈረመው ጁን 26 ቀን 1934 ነው። የአልኮል እገዳው ገና መነሳቱ ነበር፤ በ1929 በቫለንታይን ቀን ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ሥር ተደርድረው የተረሸኑበት ወሬም ከሰው አፍ አልጠፋም። የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆመር ከሚንግስ ያቀረቡት ሐሳብ መትረየስን ብቻ ሳይሆን ሽጉጥንም የሚጨምር ነበር። በቀጥታ መከልከል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ያጋጫል ብለው ስለሰጉ መንገዱን በቀረጥ በኩል አደረጉት። 200 ዶላር በዛሬ ዋጋ ከ4,500 ዶላር በላይ ነው፤ ያኔ አንድ ቶምፕሰን መትረየስ ይሸጥበት ከነበረው ዋጋ ጋር ይቀራረብ ነበር። ዓላማው ገቢ መሰብሰብ ሳይሆን ገዢውን ማስመረር ነበር። ነገር ግን ቀረጡ ከዋጋ ንረት ጋር ስላልጨመረ፣ በኋላ በኋላ ጥሩ የጫማ ጥንድ የሚገዛ ገንዘብ ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለዛሬው ክርክር ቁልፉ ነው። ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። አጭር በርሜል ግን አልወጣም። አጭር በርሜል መጀመሪያውኑ የገባው ሰዎች ጠመንጃ ቆርጠው በማሳጠር ከሽጉጡ ቁጥጥር እንዳያመልጡ ተብሎ ነው። ሽጉጡ ከቁጥጥሩ ሲወጣ ክልከላው የቆመበት ምክንያት አብሮ ወጣ፤ ክልከላው ግን ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ስቴቶች አንድ ሰው ባለ 4 ኢንች በርሜል ሽጉጥ በአንድ ከሰዓት ገዝቶ ይወጣል፤ ባለ 15 ኢንች ተኩል በርሜል ጠመንጃ ሳያስመዘግብ ከያዘ ግን በፌዴራል ወንጀል ይከሰሳል። ከሁለቱ በጃኬት ሥር የሚደበቀው የትኛው እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ሕጉ የሚይዛቸው እነዚህ ናቸው፦ ምላጩ አንዴ ሲሳብ ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩስ መትረየስና ሌላውን መሣሪያ ወደዚያ የሚለውጥ ክፍል፤ በርሜሉ ከ16 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ፤ በርሜሉ ከ18 ኢንች ያነሰ ሾትገን፤ ከሁለቱ አንዱ ተቆርጦ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች በታች የወረደ፤ የድምፅ ማፈኛ፤ የእጅ ቦምብና መሰል አጥፊ መሣሪያዎች፤ እንዲሁም «ሌላ ማንኛውም መሣሪያ» የሚባል፣ ብዕር መስሎ የሚተኩስን ነገር የመሰለውን ሁሉ የሚሰበስብ ጎራ። የጠመንጃው ልክ ራሱ መጀመሪያ 18 ኢንች ነበር፤ በ1960 ወደ 16 ወረደ። ሁለት ኢንቹ በአደጋ መጠን ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣ የሚያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም።

ልኬቱ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት በዝርዝር ልናገር። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይታያል። መቀርቀሪያው ይዘጋል። ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ገብቶ የመቀርቀሪያውን ፊት እስኪነካ ይወርዳል፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግበትና ወጥቶ ይለካል። የጥይት ማረፊያው ከርዝመቱ ውስጥ ይቆጠራል ማለት ነው። በጥርስ ብቻ የታሰረ የብልጭታ መቀነሻ ግን አይቆጠርም። እንዲቆጠር በቋሚነት መያያዝ አለበት፦ በብየዳ፣ ወይም ቢያንስ በ1,100 ዲግሪ ፋረንሃይት በሚቀልጥ የብር ብየዳ፣ ወይም ፒን ተመትቶ የፒኑ ራስ በብየዳ ተደፍኖ። ባለ 14 ኢንች ተኩል በርሜል ላይ መቀነሻ አስበይደው 16 የሚያስሞሉ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሙጫ ወይም የብሎን ማጥበቂያ ፈሳሽ አያዋጣም። ብየዳው በደንብ ካልያዘና መቀነሻው ተፈትቶ ከወጣ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ያልተመዘገበ መሣሪያ ይዞ ይገኛል። ጠቅላላው ርዝመት ሲለካ ደግሞ ታጣፊ ሰደፍ ተዘርግቶ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከነጋዴ የሚገዛ ሰው ፎርም 4 ይሞላል፤ ራሱ የሚሠራ፣ ለምሳሌ የያዘውን ጠመንጃ በርሜል በአጭር የሚቀይር፣ ፎርም 1። ሁለቱም የሚሄዱት ኤቲኤፍ ወደሚባለው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ነው። አሻራ፣ ሁለት በሁለት ኢንች ፎቶና ለአካባቢው የፖሊስ አዛዥ የሚላክ ቅጂ ያስፈልጋል። አዛዡ እንዲያውቅ ነው እንጂ እንዲፈቅድ አይደለም፤ የፈቃድ ፊርማው ከጁላይ 2016 ጀምሮ ቀርቷል። በፎርም 1 የሚሄድ ሰው ፈቃዱ ከመምጣቱ በፊት ምንም መቁረጥ፣ ምንም መግጠም የለበትም። ሲፈቀድለትም ስሙን፣ ከተማውንና ስቴቱን ብረቱ ላይ ያስቀርጻል፤ ጥልቀቱ ቢያንስ 0.003 ኢንች። ሻጩ በሌላ ስቴት ካለ፣ ዕቃው መጀመሪያ ገዢው ባለበት ስቴት ወዳለ ልዩ ግብር ወደከፈለ ነጋዴ ይዛወራል፣ ከዚያ ነው ፎርም 4 የሚጀመረው።

ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ በኋላ ነው። በግል ስም የተመዘገበ ዕቃ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ የካዝናውን ቁልፍ ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ትቶ መንገድ የሚሄድ ሰው እነሱንም ለክስ ያጋልጣል። ቤተሰብ በጋራ እንዲይዘው የሚፈልግ በትረስት፣ ማለትም ንብረት በጋራ በሚያዝበት ሕጋዊ ውል ስም፣ ያስመዘግባል፤ ያኔ በትረስቱ ውስጥ ሥልጣን ያለው እያንዳንዱ ሰው አሻራና ፎቶ ያቀርባል። መትረየስ ወይም አጭር በርሜል ያለው መሣሪያ ከስቴት ስቴት ለማጓጓዝ ቀድሞ ፎርም 5320.20 ማስፈቀድ ግድ ነው። የድምፅ ማፈኛ ይህ ፎርም አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ስምንት ስቴቶች፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስ፣ ደላዌር፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ፣ ከነጭራሹ ይከለክሉታል። ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሜሪላንድ ሕግ በሰላም የተያዘ ማፈኛ መንገዱን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ወንጀል ይሆናል። ረጅም መንገድ በትራክ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባቸዋል፤ የፌዴራሉ ፈቃድ የስቴቱን ክልከላ አይሽርም።

ሽጉጥ ላይ ከፊት በኩል ቀጥ ብሎ የሚወርድ መያዣ መግጠም ትንሽ ነገር ይመስላል። አጭር ከሆነ ግን ሽጉጡን «ሌላ ማንኛውም መሣሪያ» ያደርገዋል። በኢንተርኔት «የማጽጃ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡት ቱቦዎችም ወጥመድ ናቸው፤ ሕጉ ለማፈኛነት ብቻ የታሰበን አንድ ክፍል እንኳ እንደ ሙሉ ማፈኛ ስለሚቆጥር፣ ከውጭ አገር የታዘዘ ጥቅል መርማሪዎችን ይዞ በር ሊያንኳኳ ይችላል።

ለስደተኛው ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ያለ ግን በመደበኛው አይችልም፤ የአደን ፈቃድ ያለውን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖርማ ጨርሶ አይችልም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድን ራሱን ከአገር ለማስወጣት በቂ ምክንያት ያደርገዋል፤ ማንም ሰው አለመጎዳቱ አያድንም። አሜሪካ የተወለደ ሰው ግማሽ ኢንች ቢያጎድል ጠበቃ ይዞ ይደራደራል፤ ግሪን ካርድ ያለው በዚያው ግማሽ ኢንች አገር ሊያጣ ይችላል። ድርድር ሲቀርብለት ከወንጀል ጠበቃው ጋር የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጭምር ወረቀቱን ሳያይ መፈረም የለበትም።

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ የጦርነት ማስታወሻም አለ። የተመዘገበ ከሆነ ወራሹ በፎርም 5 ያለ ቀረጥ ያዛውረዋል። ያልተመዘገበ ከሆነ ግን መውጫ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 በሄይንስ ጉዳይ፣ ሰው ያልተመዘገበ መሣሪያውን አስመዝግብ ሲባል በራሱ ላይ እንዲመሰክር መገደዱ ነው ብሎ ወሰነ። ኮንግረስ ሕጉን አስተካክሎ ከኖቬምበር 2 እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1968 የምሕረት ጊዜ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ባለይዞታ ራሱ ሄዶ ማስመዝገብ አይችልም። ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ማንቀሳቀስም መሸጥም ሳይሆን ጠበቃ ደውሎ በጠበቃው በኩል ማስረከብ ነው።

በክርክሩ መድረክ ትልቁን ቦታ የሚይዘው መትረየስ ነው። በሜይ 19 ቀን 1986 የጸደቀው ሕግ ከዚያ ቀን በኋላ የተሠራ መትረየስ ለግለሰብ እንዳይዛወር ዘጋ። በገበያ የሚዘዋወሩት ወደ 176 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆኑ አንድ ኤም-16 ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። በ2008 በሄለር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሣሪያ የመያዝ መብትን የደነገገው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የሚጠብቀው «በሰፊው በጥቅም ላይ ያለ» መሣሪያ ነው አለ። የመሣሪያ መብት ተሟጋቾች «መትረየስ ብርቅ የሆነው እኮ ሕጉ ስላገደው ነው» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ የፍርድ ቤቱ መለኪያ በራሱ ላይ ይዞራል። ቢሆንም ከዚህ ተነስተው መዝገቡ ይፍረስ ማለታቸውን አልቀበልም። በሕግ የተመዘገበ መትረየስ በወንጀል የተያዘበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህ የማጣሪያው ውጤት ነው። በየከተማው በወንጀል የሚታዩት መትረየሶች በአብዛኛው በድብቅ ወደ መትረየስነት የተለወጡ ሽጉጦች ናቸው፤ እነሱን የሚይዘው የወንጀል ምርመራ እንጂ የፎርም 4 ወረፋ አይደለም።

የቢሮ ደብዳቤ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። በኦክቶበር 2017 ላስ ቬጋስ ላይ 60 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ኤቲኤፍ ራሱ በ2010 መትረየስ አይደለም ብሎ የፈቀደውን ባምፕ ስቶክ፣ ማለትም በመሣሪያው ግፊት ተጠቅሞ በፍጥነት የሚያስተኩስ ሰደፍ፣ መትረየስ ነው አለ፤ ባለቤቶቹ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያጠፉት ወይም እንዲያስረክቡት አዘዘ። ጁን 14 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካርጊል ጉዳይ 6 ለ3 ሻረው። ከሁሉ የጠቀመኝ የዳኛ አሊቶ አጭር ጽሑፍ ነው፦ ኮንግረስ ሕጉን መለወጥ ይችላል። በ2023 ደግሞ በክንድ ላይ የሚታሰረውን የሽጉጥ ድጋፍ እንደ ሰደፍ፣ ሽጉጡንም በርሜሉ እንዳጠረ ጠመንጃ የሚቆጥር ደንብ ወጣ፤ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት ደንቡን ሰረዘው። ሕግ አክብሮ የተመዘገበው ሰው ስሙ በመዝገብ ቀረ፣ ያላስመዘገበው ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ መገለባበጥ ሕግ አክባሪውን ነው የሚቀጣው።

ዜሮው ቀረጥ ያመጣው አዲስ ጥያቄ ይህን ሁሉ ይነካል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 በሶንዚንስኪ ጉዳይ ኤንኤፍኤን ያጸደቀው ቀረጥ ነው ብሎ ነው። ቀረጥ ከሌለ መዝገቡ በምን ሥልጣን ይቆማል? የ2025ቱ ሕግ እንደተፈረመ ክስ ተመሥርቷል። መንግሥት መትረየስና አጥፊ መሣሪያ ላይ 200 ዶላሩ እንዳለ ነው፣ ነጋዴዎችም ዓመታዊ ግብራቸውን ይከፍላሉ፣ የንግድ ቁጥጥር ሥልጣንም አለኝ ሊል ይችላል። ለእኔ ግን መትረየስን የሚያህል ጉዳይ በቀረጥ ደረሰኝ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ኮንግረስ መዝገቡን በንግድ ቁጥጥር ሥልጣኑ ላይ በግልጽ ጽፎ ያቁመው። የ16 እና የ18 ኢንቹን አንቀጽ ይሰርዝ። የድምፅ ማፈኛን፣ የተኩስ ድምፅን ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል የሚቀንስና ጆሮ የሚያድን ዕቃ ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ በነጋዴ የጀርባ ታሪክ ምርመራ እንዲሸጥ ያድርግ። በዚህ የሚስማማ ሰው የሚጽፈው ለኤቲኤፍ ሳይሆን ለወረዳው የኮንግረስ ተወካይ ነው። ዜግነት የሌለውም ቢሆን በወረዳው እስከኖረ ድረስ ተወካዩ ጋ ደብዳቤ መጻፍና ስብሰባው ላይ መጠየቅ ይችላል።