የኮሌስትሮል ወረቀቴ

ዛሬ የደም ምርመራ ውጤቴን ተቀበልኩ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 212። ከ200 በታች መሆን እንዳለበት አውቃለሁና ደነገጥኩ። ሐኪሟ ግን አልፋው እስክሪብቶዋን ከስር ወዳሉት መስመሮች ወሰደች።

«መጥፎው» ኮሌስትሮል የሚሉት ኤልዲኤል 138። ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል። ሲበዛ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀመው እሱ ነው። «ጥሩው» የሚሉት ኤችዲኤል ደግሞ ትርፉን ለቃቅሞ ወደ ጉበት ይመልሳል። ለሴት ከ50 በላይ፣ ለወንድ ከ40 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው። የእኔ 52። ለጥቂት!

«እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» አልኳት። ሳቀች። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው፣ በተለይ ጉበት፤ ቅጥነት ዋስትና አይሆንም፣ የዘርም ነገር አለበት አለችኝ።

ቀጥላ ስለ ዘይት ጠየቀችኝ። ቤታችን የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው ያለው። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ተጽፏል። አልዋሸም። ግን የሚረጋ ስቡ ብዙ ስለሆነ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ጽሑፉን አምኜ ስንት ዓመት!

ቤት ስገባ እማዬ ሽሮው ላይ ቂቤ ልትጨምር ማንኪያ አንስታለች። ወረቀቱን አሳየኋት።

«ቂቤ ደግሞ ማንን ገደለ?» አለች። ግማሹን ወደ ዕቃው መለሰች፣ ግማሹን ጨመረችው።