በሰንዳፋ ሜዳ ሳብ 17ን ማብረር፦ ለሳሳ አየር የተሠራ ሞዴል

ከለገጣፎ አልፎ በሰንዳፋ መስመር በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የምናበርበት የግጦሽ ሜዳ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ የሚከብደው የመደበኛውን የባህር ጠረፍ አየር 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው መመሪያ፣ የሞተሩ ሠንጠረዥ፣ የፕሮፔለሩ ምርጫ፣ ሁሉም በወፍራም አየር የተለካ ነው። እንዳለ ተቀብሎ እዚህ ማብረር ሞዴሉን ያሰብራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። በ72 በመቶ አየር ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ አየሩን ለቆ የሚወድቅበት ፍጥነት በ18 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነት በ18 በመቶ ሲጨምር ደግሞ ካረፈ በኋላ የሚንከባለልበት ርቀት፣ የሚዞርበት ስፋትና ከመሬት ሲጋጭ የሚያርፍበት ጉልበት በ39 በመቶ ያድጋሉ። ለልምምድ በተሠራ ቀላልና ሰፊ ክንፍ ባለው ሞዴል ይህ ብዙም አይታወቅም። የጦር አውሮፕላን ሞዴል ግን ክንፉ ጠባብና ጫፉ የሾለ፣ ክብደቱም ብዙ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይወጣል።

የሠራሁት ሳብ 17ን ነው። ስዊድን ሠራሽ ቦምብ ጣይ ሲሆን ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል መጥቶ በደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ በሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ያገለገለ አውሮፕላን ነው። በክለቦች ስብሰባ ላይ ሙስታንግና ስፒትፋየር የሚባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች በብዛት ይታያሉ፤ እኛ ሜዳ ላይ የራሳችንን ሰማይ የሚያውቅ አውሮፕላን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ለሞዴልም የተመቸ ነው። የእውነተኛው የክንፍ ርዝመት 13.7 ሜትር ስለሆነ አንድ አሥረኛው 137 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የክንፉ ስፋት ደግሞ 28.5 ካሬ ዴሲ ሜትር ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ለሚያበር ሰው ግን አሜሪካ ሠራሽ የልምምድ አውሮፕላን የሆነውን ቲ-28ን እመክራለሁ። እሱም በአየር ኃይላችን ያገለገለ ነው፤ ባለ ፊት ጎማ ስለሆነ ሲነሳ ብዙም አይጠመዘዝም፣ ሲያርፍም በቀላሉ በአፍንጫው አይደፋም።

አካሉ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሚገዛ 5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ ነው። የሞተሩ መቀመጫ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሆን የተጣበቀው በኢፖክሲ ነው። በሽጉጥ የሚቀልጥ ሙጫ ለአካሉ ይበቃል፤ ለሞተር መቀመጫና ለክንፍ መገጣጠሚያ ግን አይሆንም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለሰልሳል፣ ሞተሩም ሙሉ ኃይል ሲሰጠው ተነቅሎ ይወጣል። ለመቆጣጠሪያ ዘንግ 2 ሚሊ ሜትር የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ከሁሉም ይሻላል፤ ጫፉ ጥርስ ስላለው ርዝመቱን ማስተካከል ይቻላል።

ክብደቱን በግራም በግራም መዝግቤያለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ሞዴልን የሚያድነው ወይም የሚገድለው እሱ ነው። ቀለም የተቀባ አካል 620፣ ሞተር 130፣ ስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) 60፣ ባትሪ 320፣ ስድስት ሰርቮ (መቆጣጠሪያ ዘንጎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮች) 75፣ እግርና ጎማ 160፣ ፕሮፔለርና ሾጣጣ ክዳኑ 50፣ ሪሲቨር (የሬዲዮውን ምልክት የሚቀበለው) 10፣ ሽቦ፣ ሙጫና ብሎን 150። ድምሩ 1,575 ግራም ነው። በዚህ ክብደት ስሌቱ የሚሰጠው የስቶል ፍጥነት በባህር ጠረፍ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር፣ እኛ ሜዳ ላይ 38 ነው። 300 ግራም ቢጨመር 41 ተኩል ይሆናል። ብዙ ሰው ክብደት የሚጨምረው በቀለም ነው። የግድግዳ ውሃ ቀለም ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደረብ ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ በስፖንጅ መቀባት ይበቃል። ሌላው ጭራ ነው። ሳብ 17 አፍንጫው አጭር ስለሆነ ጭራው ላይ የተጨመረ 10 ግራም አፍንጫው ላይ 30 ግራም ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ የጭራ ሰርቮዎችን ወደ ፊት፣ ከክንፉ በላይ አምጥቼ ረጅም ዘንግ ተጠቀምኩ፤ ባትሪውም ሞተሩን ተደግፎ ተቀመጠ። የክብደት ማዕከሉ ከክንፉ አማካይ ወርድ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ) 25 በመቶ ላይ ነው፤ አማካይ ወርዱ 20.8 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ከፊት ጠርዝ 5.2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ማለፍ በሳሳ አየር የከፋ ነው። አየሩ መወዛወዝን የማብረድ አቅሙ ስለሚቀንስ አፍንጫው አንዴ መነሳት ሲጀምር ቶሎ አይመለስም።

ክንፉ ሲሠራ ጫፉ ላይ የኋላ ጠርዙን 2 ዲግሪ ወደ ላይ ጠምዝዣለሁ። ፎም ቦርዱ ከመጣበቁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ፣ ከጫፉ ሥር ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ይደረጋል። ይህ ከሌለ የሾለው የክንፍ ጫፍ ከሥሩ ቀድሞ ስቶል ያደርግና ሞዴሉ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጎን ይገለበጣል። ሁለቱ ጫፎች እኩል መጠምዘዛቸው መለካት አለበት፤ የአንድ ዲግሪ ልዩነት እንኳ አንዱን ክንፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጥላል።

ፕሮፔለር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሞተሩ ሠንጠረዥ በ4 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) 12×6 ይላል፣ ማለትም ዲያሜትሩ 12 ኢንች፣ በአንድ ዙር የሚሄደው 6 ኢንች የሆነ ፕሮፔለር፤ ባለ 800 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 800 ዙር የሚዞር) ሞተር በዚያ 38 አምፔር ይስባል። እዚህ ሲሰካ ግን ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስለሳሳ የሚስበው ወደ 28 ወይም 29 አምፔር ይወርዳል፣ ግፊቱም አብሮ ይቀንሳል። ባለቤቱ ሞተሩ ደካማ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ግን ሥራ ፈትቶ ነው። ፕሮፔለሩ የሚወስደው ኃይል ዲያሜትሩ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሚያድግ ከ12 ወደ 13 ኢንች ማሳደግ የጠፋውን መልሶ ይሰጣል። 13×6 አስሬ በዋት ሜትር (የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ) ስለካው 37 አምፔር አነበብኩ። መለኪያው ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ሙሉ ጋዝ፣ ማለትም የሞተሩ ሙሉ ኃይል፣ አይሰጥም። 13 ኢንች ማለት ከመሃሉ 16.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእግሩ ቁመት ከመሠራቱ በፊት መታሰብ አለበት። ስፒድ ኮንትሮለሩን ባለ 60 አምፔር ያደረግሁት የሳሳ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ነው። ይኸው ሞዴል ወደ ዝቅተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ ሸለቆ ከወረደ 12 ኢንቹ ይመለስለት፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

የእውነተኛው ሳብ 17 ጎማዎች ወደ ኋላ ተጣጥፈው ትልልቅ ሽፋን ውስጥ ይገቡ ነበር፤ አብራሪው ቦምብ ለመጣል ሲያዘቀዝቅ እነዚሁ ሽፋኖች ፍሬን ሆነው ያገለግሉ ነበር። በሞዴሉ ላይ እግሩ የማይታጠፍ ነው። ማጠፊያው 150 ግራም ያህል ይጨምራል፣ ሜዳችንም አይፈቅድለትም። ሜዳው ዋልካ ነው። በክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መሬቱም ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ትንሽ ጎማ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። 80 ሚሊ ሜትር የስፖንጅ ጎማ ተጠቅሜ፣ እግሩን ከኮምፔንሳቶው ጋር ያሰርኩት ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ነው። ስንጥቅ ሲይዘው ላስቲኩ ይሳባል እንጂ የክንፉ ሥር አይቀደድም። በብሎን ያሰሩት ሁሉ ክንፍ ቀይረዋል።

መንደርደሪያው 80 ሜትር በ10 ሜትር ሆኖ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፣ በበጋ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ። አብራሪዎቹ በደቡቡ ጠርዝ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው ይቆማሉ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ጀርባ ላይ ትሆናለች፤ ሞዴሉም ብርሃን ወድቆበት ይታያል። በሰሜን ጠርዝ የቆመ ሰው የሚያየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ወደ እሱ ይምጣ ይራቅ አይለይም። በዓመት ውስጥ ምርጡ ጊዜ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ነው። ስንጥቆቹ ከመንደርደሪያው ላይ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአፈር ይደፈናሉ።

ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ ባትሪ አይሰካም። ከሲቪል አቪዬሽን፣ ከጸጥታ አካላትና ከቀበሌው የተጻፈው ወረቀት በአንድ ፋይል ሆኖ ሜዳው ላይ ይኖራል፣ የመሬቱ ባለቤቶችም ቀድመው ይጠየቃሉ። ኦሮምኛ የሚናገር አንድ አባል ጠርዝ ላይ ቆሞ ከእረኞቹ ጋር ይግባባል። ከ100 ሜትር በላይ አንወጣም፤ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ይወርዳል። ተመልካች ከመንደርደሪያው 30 ሜትር ርቆ ከገመድ ጀርባ ይቆማል። ካሜራ አናስርም።

በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ የጦር አውሮፕላን አይነሳም፣ ለእያንዳንዱም አብራሪ አንድ ረዳት ይመደባል። አብራሪው ዓይኑን ከሞዴሉ አይነቅልም፤ ሌላውን ሁሉ የሚያየው ረዳቱ ነው። የሚባለው አጭር መሆን አለበት። ረዳቱ «ጋሼ፣ ላም ገባች!» ሲል አብራሪው «ሰማሁ፣ ልዞር ነው» ብሎ ጋዝ ይሰጣል። «እየተነሳሁ ነው»፣ «ላርፍ ነው»፣ «ሞተር ጠፋ» ጮክ ተብለው ይነገራሉ፤ ሞተር የጠፋበት ከሁሉም ቅድሚያ አለው። ከመነሳቱ በፊት የሬዲዮው ኃይል በመሞከሪያው ተቀንሶ 30 እርምጃ ርቀት ላይ ሰርቮዎቹ ይታያሉ፣ ሬዲዮው ሲጠፋም ሞተሩ መቆሙ ይረጋገጣል።

ሲነሳ ፍላፑን (በዝግታ ለመብረር የሚወርደውን የክንፉን የኋላ ክፍል) 15 ሚሊ ሜትር አውርዶ ጋዙን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያሉ መክፈት ነው። በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ትልቁ ፕሮፔለር ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል፤ ቀኝ ራደር (አፍንጫውን ወደ ጎን የሚያዞረው የጭራ መሪ) ዝግጁ ይሁን። ሞተሩንም 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 2 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብዬ አስሬዋለሁ። ኤይለሮን (ሞዴሉን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፍ መሪ) እና ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ መሪ) ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኤክስፖ (የሬዲዮው ዘንግ መሃል አካባቢ ምላሹን የሚያለዝበው) 30 በመቶ።

አደጋው ያለው ሲያርፍ ነው። ሞዴሉ ከአብራሪው ፊት ለፊት ሲያልፍ ዓይን የሚያየው ከመሬቱ አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው፤ ያ ደግሞ እዚህ የበዛ ይመስላል። አብራሪው ፈጥኗል ብሎ አፍንጫውን ያነሳል፣ ክንፉ ግን ገና ስቶል ጫፍ ላይ ነው፤ ይገለበጣል። በሌላ ቦታ ብዙ ያበሩ ሰዎች እዚህ ሲመጡ ሞዴላቸውን የሚሰብሩት በዚህ ነው። ዓይንን ማረም የሚቻለው በሰዓት ብቻ ነው። በመንደርደሪያው ዳር ሁለት ባንዲራ 50 ሜትር አራርቆ መትከል፣ ከዚያ ሞዴሉን በ10 ሜትር ከፍታ ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ። ረዳቱ ሰዓቱን በስልኩ ይይዛል። 50 ሜትሩን በ3.6 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳብ 17 ለማረፍ የሚቀርብበት ፍጥነት ይህ ነው፣ የስቶሉ 1.3 እጥፍ። በነፋስ ላይና ከነፋስ ጋር ሁለት ጊዜ አሳልፎ የፍጥነቶቹን አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል። ስምንትና አሥር ጊዜ ሲደጋገም ዓይኑ 50 ምን እንደሚመስል ይለምደዋል፣ የሞተሩንም ድምፅ ጆሮ ይይዘዋል።

ከዚያ ወደ 60 ሜትር ወጥቶ ጋዙን ዘግቶ ኤሌቬተሩን ቀስ እያሉ መሳብና የትኛው ክንፍ ቀድሞ እንደሚወድቅ ማየት ነው። የመጨረሻው መዞሪያ ከ30 ዲግሪ በላይ አይጋደልም። በ30 ዲግሪ የስቶል ፍጥነቱ ከ38 ወደ 41 ብቻ ይወጣል፤ በ60 ዲግሪ ግን 54 ይደርሳል፣ ማለትም በ50 እየቀረበ ያለ ሞዴል እዚያው ይወድቃል። ፍላፕ 30 ሚሊ ሜትር፣ ጋዝ ሩብ፣ እስከ መንደርደሪያው ጠርዝ ድረስ። ጋዙ ቀድሞ ከተዘጋ 13 ኢንቹ ፕሮፔለር እንደ ፍሬን ይይዘዋል።

በረራው በ4 ደቂቃ ተኩል ያበቃል፤ 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነው ባትሪ ሩብ ያህሉ ለሁለተኛ የማረፍ ሙከራ ይቀራል። ባትሪው ወርዶ በእጅ ሲነካ ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ቤት ሲገባ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ይቀመጣል። ባትሪው ከውጭ በአውሮፕላን ሲመጣ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነው።

የምናበረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱን ግን የምጠብቀው ከጭልፊቶቹ ነው። ጠዋት ክንፋቸውን እያራገቡ ዝቅ ብለው ይበራሉ። አንዷ ሳታራግብ እየዞረች ከፍ ማለት ስትጀምር መሬቱ ሞቋል፣ ነፋሱም በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ «ጭልፊት ወጣች» ሲባል በአየር ላይ ያለው ወርዶ ክንፎቹ ይፈታሉ።